ጅማ ላይ የቤተሰብ መኪና ስትገዙ፦ ከሥር ጀምሩ

መኪና ለማየት ስትሄዱ አንድ ካርቶን ያዙ። መሬት ላይ አንጥፋችሁ መኪናው ሥር ለመግባት ነው። ላቫጆ ውሎ የወጣ፣ ቀለሙ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ መኪና ጅማ ውስጥ በየሰፈሩ ታገኛላችሁ። ሥሩን ግን ማንም አያስውበውም። ዝገቱም፣ የሚንጠባጠበው ዘይትም፣ በብየዳ የተጠገነው ሻንሲም የሚገኘው እዚያ ነው።

እኔ መኪና እወዳለሁ። ጓደኛም ዘመድም ሊገዛ ሲሄድ "ና እይልን" ይለኛል፣ እኔም ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ። በየጊዜው የምናገረው ያው ስለሆነ እዚህ በተራ ላስቀምጠው። የማወራው ስለ ቤተሰብ መኪና ነው። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ ቅዳሜ አስቤዛ የሚጭን፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ።

1. መንገዳችሁን ጻፉ

የመኪና ስም ከመጥራታችሁ በፊት ወረቀት አውጡ። ባለፉት ሁለት ወራት የት የት ሄዳችሁ? ስንት ሰው ሆናችሁ? አስፋልት ነው፣ ኮብልስቶን ነው፣ ወይስ ጭቃ? ከቆጪ ተነስቶ ዩኒቨርሲቲ ደርሶ የሚመለስ ሰውና በየሳምንቱ ደዶ ገጠር ወላጆቹን የሚጠይቅ ሰው የሚያስፈልጋቸው መኪና አንድ አይደለም።

እዚህ ላይ ትልቁ ነገር መኪናው ከመሬት ያለው ከፍታ ነው። ሱዙኪ ዲዛየር፣ በፈረንጅ 2017 የወጣው ሞዴል፣ 163 ሚሊሜትር ነው። የዚያው የሱዙኪ ኤስ ፕሬሶ 180 ሚሊሜትር አለው። 17 ሚሊሜትር ምን ታመጣለች እንዳትሉ። አምስት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ሲጫን መኪናው ከኋላ ቁጭ ይላል፤ ክረምት ላይ ጎርፍ በቦረቦረው የሰፈር መንገድ ማርሚታውን ድንጋይ የሚያስመታው ይህችው ልዩነት ናት። ሻጩ "ከፍ ያለ ነው" ካላችሁ ሜትር አውጥታችሁ ለኩ፣ ነውር የለውም።

በዓመት አንዴ ለምትሄዱበት ገጠር ብላችሁ ግን ትልቅ ፎርዊል አትግዙ። ቤንዚኑን የምትከፍሉት በየቀኑ ነው። ለዚያች አንድ ቀን ተከራዩ።

2. መኪናውን ከመምረጣችሁ በፊት መለዋወጫውን ጠይቁ

እዚሁ ጅማ መርካቶ ውረዱና ሁለት ሦስት መለዋወጫ ሱቅ ግቡ። የአራት ነገር ዋጋ ጠይቁ፦ የፊት ፍሬን ሸራ፣ የፊት ሾክ፣ ራዲያተርና የፊት መብራት። ባለሱቁ ዘወር ብሎ ከመደርደሪያ ካወረደላችሁ ጥሩ። አራቱንም "ከአዲስ አበባ ላስመጣ" ካላችሁ ግን ያ መኪና በተበላሸ ቁጥር ሳምንት ይቆማል ማለት ነው፣ ልጆቹም ያን ሳምንት በባጃጅ ነው የሚሄዱት።

አሁን ስለ ሞዴሎቹ የራሴን ሐሳብ ልናገር።

ቪትዝን ለትንሽ ቤተሰብ አልጠላውም። መለዋወጫው እንደ ልብ ነው፣ የማያውቀው መካኒክ የለም። የመጀመሪያው ትውልድ፣ በ1999 በፈረንጅ የወጣው፣ ታይሚንጉ (የሞተሩን ክፍሎች አብሮ የሚያዞረው) በሰንሰለት ስለሆነ በየጊዜው ቺንጋ ቀይሩ የሚባል ወጪ የለበትም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ቪትዝ ለጃፓን የተሠራ ነው፣ መሪው በቀኝ ነበር፤ እኛ አገር መሪው ወደ ግራ ተቀይሮ የገባው ብዙ ነው። ያሪስ የሚባለው ግን ያው መኪና ለውጭ ገበያ ሲሠራ ነው፤ ለአውሮፓ የተሠራው በአብዛኛው መሪው ከፋብሪካው ጀምሮ በግራ ነው። ቪትዝ ስታዩ ኮፈኑን ክፈቱና ከሞተሩ ጀርባ ያለውን ግድግዳ በባትሪ መብራት ፈትሹ። በቀኝ በኩል የተደፈነ ቀዳዳ፣ በቴፕ የተጠቀለለ ሽቦ፣ በእጅ የተበየደ ላሜራ ካለ ሥራው እንዴት እንደተሠራ እዚያው ታያላችሁ። በንጹሕ የተቀየረም አለ። መሪው ሲዞር የሚንቋቋ ወይም ፍሬኑ የሚሰንፍ ከሆነ ግን ተዉት።

ኮሮላ ለእኔ የቤተሰብ መኪና ማለት ነው። በተለይ ከ2000 እስከ 2006 በፈረንጅ የተሠራው፣ 1.5 ሊትር ሞተር ያለው። ኋላው ሰፊ ነው፣ ሻንጣና የሕፃን ጋሪ አብረው ይገባሉ፣ ዳገት ላይ አይጨነቅም። ዋጋው ከቪትዝ ከፍ ይላል፤ አራትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ግን ልዩነቱን ክፈሉ።

አሮጌውን ኮሮላ ዲኤክስ በጣም እወደዋለሁ። ካርቡሬተሩን መንገድ ዳር ፈትቶ፣ ነፍቶ፣ ገጥሞ የሚሄድ ሹፌር አይቻለሁ። ግን ኤርባግ የለውም፣ የኋላ ቀበቶ የሌለውም ብዙ ነው። ለከተማ ሥራ ይሁን። ልጆች ጭናችሁ የአዲስ አበባውን መንገድ የግቤን ቁልቁለት እንድትወርዱበት አልመክርም።

ኤሌክትሪኩስ? መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለ ጥያቄው የሁሉም ሆኗል። ጅማ ውስጥ ብቻ የምትነዱ ከሆነና የራሳችሁ ግቢና ቆጣሪ ካላችሁ እኔ አዎ ባይ ነኝ። ለነዳጅ ሰልፍ የለ፣ ዘይት መቀየር የለ። አዲስ አበባ ደጋግማችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግን ቁጭ ብላችሁ አስሉ። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቻይናው ኤሌክትሪክ መኪና ቢዋይዲ ሲጋል በሁለት ባትሪ ይመጣል፤ ትንሹ በቻይና መለኪያ 305 ኪሎ ሜትር፣ ትልቁ 405 ኪሎ ሜትር ይባላል። ያ መለኪያ ቸር ነው፣ ዳገትና ፍጥነት ሲጨመርበት ቁጥሩ ይወርዳል። ትንሹ አንዴ ተሞልቶ አይደርስም፤ ትልቁም ቤተሰብ ጭኖ በግቤ በኩል ሲሄድ ልብ ያንጠለጥላል። ቻርጅ የምታደርጉበትን ቦታ ሄዳችሁ በዓይናችሁ ሳታዩ አትክፈሉ። ጅማ ውስጥ ኮምፒውተሩን የሚያነብ ባለሙያም አስቀድማችሁ ፈልጉ።

3. ጊዜውን ምረጡ

በእኛ አካባቢ ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። የቡና ብር ሲገባ መኪና ፈላጊ ይበዛል፣ ሻጭም ዋጋው ላይ ድርቅ ይላል። ብትሰሙኝ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግዙ። የጅማ ክረምት ራሱ መርማሪ ነው። በር ላይ ያለው ላስቲክ ካረጀ ውሃ ያስገባል፣ ምንጣፉ ሥር ይረጥባል፣ መኪናው ውስጥ የሻጋታ ሽታ ይመጣል። በበጋ የምትገዙት መኪና ይህን ሁሉ ደብቆ ነው የሚጠብቃችሁ።

4. ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሱ

ሻጩ "ሦስት ሰዓት ላይ ኑ" ካለ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ። መጀመሪያ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ለብ ካለ አስነስተውታል። "ነገ እንመለሳለን፣ እስከዚያ እንዳይነሳ" በሉና ሂዱ።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ቪትዜን ስገዛ ሞተሩ ሞቆ ነበር የጠበቀኝ። ድምፁ ለስላሳ፣ ጭስ የለ፣ ገዛሁ። በሦስተኛው ሳምንት ከባለቤቴና ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ግቤን ተሻግረን የወልቂጤን ዳገት ተያያዝነው። ቀዩ የሙቀት መብራት በራ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል፣ ትንሿ ልጄ ከኋላ ወንበር "አባዬ፣ መኪናው ሊፈነዳ ነው?" ትላለች፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ጥላ የለም። ጋራዥ ሲፈታ የቴስታታው (የሞተሩ ላይኛ ክፍል) ጓርኒሲዮን ተበልቷል፣ ቴስታታውም ጠሟል። የቀድሞው ባለቤት ጠዋት ጠዋት ውሃ እየሞላ ነበር የሚነዳው። ያን ዕለት ሞተሩን ቀዝቅዞ ባገኘው ኖሮ ከራዲያተሩ ክዳን ብቻ እረዳው ነበር።

ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። (ሞቆ ከሆነ በፍጹም አትንኩት፣ ፊት ይቀቅላል።) ውሃው ጎድሏል? ዝገት ለብሷል? ላዩ ላይ የዘይት ዓይን አለ? ቀጥሎ የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጡ። ማኪያቶ የመሰለ ነጣ ያለ ቅባት ከተለጠፈበት ውሃና ዘይት ተገናኝተው ሊሆን ይችላል። ክዳኑ ላይ ብቻ ስስ ሆና ካለች አጭር አጭር መንገድ ከመነዳትም ይመጣል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይም ካያችሁት ግን ድርድሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ከዚያ አስነሱት። አንድ ሰው ቁልፍ ይያዝ፣ ሌላው ማርሚታው ጋ ይቁም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁር ቤንዚን በዝቶበታል። ነጭ ጭስ በጠዋት ትንሽ ቢታይ ያለ ነው፣ ሞተሩ ሞቆም ካላቆመ ግን ውሃ እየገባ ነው።

5. አሁን ካርቶኑን አንጥፉ

መጀመሪያ መኪናው በእጅ ፍሬን መያዙን እዩ፣ ጎማው ሥርም ድንጋይ አድርጉ። በክሪክ የተነሳ መኪና ሥር እንዳትገቡ፤ ክሪክ ይንሸራተታል።

ቀይ አፈራችን ከሥር ሲጣበቅ እርጥበት ይዞ ይቆያል፣ ብረቱም ከዚያ ጀምሮ ይዝጋል። በበሩ ሥር በርዝመት የሄደውን ብረት በጣታችሁ አንኳኩ። ጠንካራ ድምፅ ካለው ደህና። ደነዝ ድምፅ ካሰማ ወይም ቅርፊቱ ከተላጠ ውስጡ ተበልቷል። አዲስ ጥቁር ቀለም ከሥር ከተረጨ ደግሞ ይበልጥ ጠርጥሩ። የፊት ጎማዎቹ ጋ ሂዱና የጁንቶውን (ጎማውን የሚያዞረውን መጋጠሚያ) ላስቲክ ሽፋን እዩ፤ ከተቀደደ ግሪሱ ዙሪያውን ተረጭቶ ታገኙታላችሁ።

ለአካሉ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ። በሩ ላይ፣ ፓራፋንጎው ላይ፣ ጣሪያው ላይ አስጠጉት። ላሜራ ከሆነ ይስባል፣ ስቱኮ የበዛበት ቦታ ላይ ይወድቃል። (መከላከያው ፕላስቲክ ስለሆነ እዚያ አይሠራም።) ትንሽ ጭረት የሌለበት አሮጌ መኪና የለም። እኔ የምፈራው ጣሪያና የፊት ምሰሶ ላይ ያለ ስቱኮ ነው፤ ያ መኪና ተገልብጦ ሊሆን ይችላል።

ጎማው ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። 2319 ካለ በ2019 በፈረንጅ፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ዕድሜው አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ በግቤ ሙቀት አይታመንም። ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) አውጡና ጉድጓዱን በእጃችሁ ዳብሱ። ደቃቅ ደለል ካለ መኪናው ጎርፍ ገብቶበት ያውቃል።

6. ውስጡን እዩ

ኪሎ ሜትሩን አትመኑ፣ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ እመኑ። አንድ ጊዜ 62,000 የሚል መኪና አየን። የፔዳሉ ጎማ ቀኝ ጥጉ እስከ ብረቱ ተበልቷል፣ መሪው ላይ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ለስልሶ ያብረቀርቃል፣ የሹፌሩ ወንበር ጠርዝ ስፖንጁ ወጥቷል። ያ መኪና 62,000 ላይ አልነበረም።

ቁልፉን ሞተሩ ሳይነሳ ብቻ ክፈቱ። የኤርባግና የቼክ ኢንጂን መብራቶች መብራት አለባቸው። ኤርባጉ ሰከንዶች ቆይቶ ይጠፋል፣ ቼክ ኢንጂኑ ሞተሩ ሲነሳ። ጭራሽ የማይበራ ካለ አምፖሉን አውጥተውታል ወይም ሽቦውን ቆርጠውታል። ቀበቶዎቹን፣ የኋላዎቹንም፣ አንድ በአንድ በድንገት ሳቡ፤ መቆለፍ አለባቸው። የቤተሰብ መኪና ነውና ይህን እንዳትዘሉ።

7. ንዱት

የሚሸጠው ሰው በመረጠው መንገድ አትንዱ። መጀመሪያ ኮብልስቶን ላይ፣ ሬዲዮ ጠፍቶ፣ መስኮት ተከፍቶ። ኳ ኳ ካለ ሾክ ወይም ቴስቲና (የመሪና የጎማ መጋጠሚያ) ነው። ይህ የሚጠገን ነገር ነው፣ ዋጋ መቀነሻ አድርጉት። ቀጥሎ ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ መሪውን ላላ አድርጉ፣ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል? ፍሬን ስትይዙስ?

ከዚያ ወደ ጅሬን ውጡ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ለመኪና ፈተና የተሠራ ይመስላል። ሁሉም ሰው ውስጡ ተቀምጦ፣ ኤሲ ካለው ተከፍቶ ይውጣ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር አካባቢ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። አዲስ አበባ ደግሞ 2,300 ሜትር ታልፋለች። እዚህ ጅሬን ላይ የደከመ መኪና እዚያ ሽሮ ሜዳ ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ማንዋል ከሆነ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሽ ሲቀይር ሊደነቅፈው አይገባም፤ የካምቢዮው ዘይትም ቀይ እንጂ ጠቁሮ የተቃጠለ የሚሸት መሆን የለበትም።

ስትመለሱ ሞተሩን ሳታጠፉ አሥር ደቂቃ አቁሙት። ሥሩ ምን እንደተንጠባጠበ እዩ።

8. ወረቀቱ

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። በሞባይል ፎቶ አንሱት። ቁጥሩ ዙሪያ የተፋቀ ወይም የተበየደ ብረት ካያችሁ ሂዱ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ።

ቦሎና ሦስተኛ ወገን መኖሩን፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩን ሊብሬው በወጣበት መንገድና ትራንስፖርት ቢሮ አጣሩ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ያስፈልጋል። "በውክልና ይዘኸው ንዳ፣ ስሙን ቀስ ብለህ ታዞራለህ" የሚሉትን አትስሙ። ወካዩ ከሞተ ውክልናው ይቀራል፤ መኪናችሁን ይዛችሁ ከወራሽ ጋር ነው የምትከራከሩት። ውል፣ ክፍያ፣ ስም ማዞር፣ በዚህ ቅደም ተከተል፣ ክፍያውም በባንክ።

9. ዋጋው ላይ

ያላችሁን ብር በሙሉ መኪናው ላይ አታውሉት። ቢያንስ አንድ አሥረኛው ኪስ ይቅር፣ ለመጀመሪያው ወር ጥገና። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ስለሆነ፣ ቀጥሎም የ2016ቱ ክልከላ ስለመጣ፣ ያገለገለ መኪና ዋጋው ቶሎ አይወርድም። ደላላው "ሌላ ሰው እየመጣ ነው" ይላችኋል። ይምጣ። ያገኛችሁትን ጉድለት ሁሉ ጻፉ፣ የመጠገኛውን ዋጋ መካኒካችሁን ጠይቁ፣ ደምራችሁ ለሻጩ አሳዩት። ሳትሟገቱ ዋጋው የሚወርደው እንዲህ ነው።

10. ከገዛችሁ በኋላ

በመጀመሪያው ሳምንት ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ፣ የቀድሞው ባለቤት "ትናንት ቀይሬዋለሁ" ቢልም። ከዚያ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ። ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ አትጨምሩ፤ ውስጡን ያዝገዋል፣ ቶሎም ይፈላል። ኩላንት ግዙ። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ፤ እርጥበት ስለሚስብ ሲያረጅ ቁልቁለት ላይ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይገባል። ክረምት ላይ በየሳምንቱ ሥሩን በውሃ አሳጥቡ፤ ላቫጆ ላይ ከላይ ከማሳሸት ይህ ይበልጣል። በጋ ላይ የገጠር መንገድ ከሄዳችሁ የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ አራግፉ። ደብተር ይኑራችሁ፣ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተሠራው ሥራ፣ የተከፈለው ብር።

የመጀመሪያውን የአዲስ አበባ ጉዞ በሌሊት አታድርጉት። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ውጡ። ሰኮሩን አልፋችሁ ወደ ግቤ ስትወርዱ ማርሹን ወደ ሁለት ወይም ሦስት አውርዱ፣ አውቶማቲክ ከሆነ 2 ወይም ኤል ላይ አድርጉት፣ ሞተሩ ይያዘው። ፍሬኑን እግራችሁን ሳታነሱ አትርገጡ፤ ረገጥ፣ ልቀቅ፣ ረገጥ፣ ልቀቅ። ድልድዩን ተሻግራችሁ ሰፊ ቦታ ስታገኙ ቁሙ። ጎማዎቹ ጋ ጠጋ ብላችሁ አሽትቱ፤ የተቃጠለ ሽታ ካለ ፍሬኑ እስኪበርድ ልጆቹን አውርዱና ውሃ አጠጧቸው። ከዚያ የወልቂጤን ዳገት ቀስ ብላችሁ ጀምሩ፣ ዓይናችሁ ሙቀቱ ላይ ይሁን።